ኤስዲ ካርዴ አንድ ጽሕፈት በ60 ቀን ጨረሰ ይለኛል

ባለፓይ፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ሦስት ቀን እንቅልፍ የነሳኝን ጉድ ይዤ መጥቻለሁ።

እህቴ ሱቅ ውስጥ የሽያጭ መዝገብ የሚይዝ ራስፕቤሪ ፓይ 4 (በአርም ፕሮሰሰር የሚሠራ ትንሽ ኮምፒውተር) አለ። ማታ ሂሳብ ስትዘጋ ይንቀራፈፍባታል። "ያንተ ኮምፒውተር ተኛ" ብላ ትደውላለች፣ ሲበላሽ የኔ ነው። ኤስዲ ካርዱን ስለጠረጠርኩ ለመለካት አንዲት ትንሽ የኢቢፒኤፍ ፕሮግራም ጻፍኩ፣ ማለትም ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) ውስጥ የምትሮጥ ኮድ። የዲስክ ጥያቄ ሲወጣ ሰዓት ትይዛለች። ሲመለስ ልዩነቱን አስልታ በሪንግ በፈር (ሲሞላ ከመጀመሪያው ዞሮ የሚጻፍበት ማህደር) ወደ ዩዘርስፔስ፣ ከከርነሉ ውጭ ወዳሉት ተራ ፕሮግራሞች፣ ትልካለች። በፈሩ 256 ኪሎባይት ነው። ተቀባዩን የጻፍኩት በጎላንግ ቋንቋ ነው።

የምልከው ስትራክት (ፊልዶች በተርታ የሚቀመጡበት የመረጃ ጥቅል) ሦስት ነገር ብቻ ይዟል። መጀመሪያ የፕሮሰሱ (የሚሮጠው ፕሮግራም) ቁጥር፣ 32 ቢት። ቀጥሎ የፈጀው ጊዜ በናኖሰከንድ፣ 64 ቢት። መጨረሻ ላይ የፕሮሰሱ ስም፣ 16 ባይት። ጎላንግ በኩልም በዚያው ቅደም ተከተል ጻፍኩት። የመጣውን ባይት በአንሴፍ ፖይንተር፣ ያለ ምንም ማጣሪያ፣ ስትራክቱ ላይ አሳርፌ አነባለሁ።

ላፕቶፔ ላይ፣ ኢንቴል 64 ቢት ነው፣ አንድም እንከን የለም። ፓዩ ላይ ግን የመጀመሪያው መስመር ጊዜው 5,172,502,129,016,832 ነው አለኝ። ወደ ቀን ስቀይረው 60 ቀን ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። ፓዩ እኮ የተነሳው ትናንት ማታ ነው፣ መብራት ጠፍቶ ስለነበር። የፕሮሰሱ ስም ደግሞ ባዶ ነው። ትክክል የሚመጣው የፕሮሰሱ ቁጥር ብቻ።

ዩኔም የሚባለው ትእዛዝ ሲጠየቅ ኤአርች64 (64 ቢት አርም) ይላል፣ ስለዚህ "32 ቢት ነው" እንዳትሉኝ። ከርነሉን ቢቲኤፍ (የስትራክቶችን አቀማመጥ የሚገልጽ መረጃ) ጨምሬ የገነባሁት ራሴ ነኝ። የኢቢፒኤፉ ፋይል ለሁለቱም አንድ ነው፣ ላፕቶፕ ላይ ኮምፓይል አድርጌ ገለበጥኩት። ጎላንግን ግን ፓዩ ላይ ከሲስተሙ የሶፍትዌር ማከማቻ ጭኜ ተቀባዩን እዚያው ገነባሁት።

ሌላም የሚያናድድ ነገር አለ። መጀመሪያ የሚመጡትን ጥቂት ሺህ ቁጥሮች ወደ ሄክስ ስቀይራቸው ሁሉም መጨረሻቸው ስምንት ዜሮ ነው። ከዚያ በኋላ ያሉት መጨረሻቸው ዝብርቅርቅ ይላል። ካርዱ ነው? ከርነሉ ነው? ወይስ እኔ ነኝ?

ቶሎ_መላሽ፦

ኢንዲያንነስ ነው ብሮ። ኢንቴልና አርም ባይት የሚደረድሩት ለየቅል ነው። ገልብጠው፣ ያልቃል።

ቢት_ቆጣሪ፦

ምንም የሚገለበጥ ነገር የለም። ፓይ ላይ ያለው ሊኑክስም እንደ ኢንቴሉ ሊትል ኢንዲያን ነው፣ የቁጥሩ ታችኛ ባይት ይቀድማል። ቢግ ኢንዲያን የናፈቀው ሰው የአይቢኤምን ኤስ390ኤክስ ይፈልግ። ደግሞ ባይቱ ተገልብጦ ቢሆን ኖሮ የፕሮሰሱ ቁጥርም አብሮ ይበላሽ ነበር።

ባለፓይ፣ ያንን 60 ቀንህን ለ4,294,967,296 አካፍለው፣ ማለትም 32 ሁለቶች ሲባዙ ለሚሰጡት ቁጥር። እኔ አካፍዬዋለሁ። ያለምንም ቀሪ 1,204,317 ይሰጥሃል። 1.2 ሚሊሰከንድ መሆኑ ነው፣ ለኤስዲ ካርድ ደህና ቁጥር። ከርነሉ አልዋሸህም። አንተ ነህ 4 ባይት ቀድመህ ማንበብ የጀመርከው።

እስቲ እንቁጠር። የኢቢፒኤፍ ፕሮግራም የትኛውም ፕሮሰሰር ላይ ይሂድ፣ ራሱ 64 ቢት ነው። ፖይንተሩ (የማህደር አድራሻ) 8 ባይት፣ ሎንጉ (ሎንግ የሚባለው የሲ ቋንቋ የቁጥር ዓይነት) 8 ባይት። 64 ቢት ቁጥር ደግሞ ለ8 የሚካፈል ቦታ ካላገኘ አይቀመጥም። ስለዚህ ከርነሉ በኩል የፕሮሰሱ ቁጥር ከ0 እስከ 3 ነው። ከ4 እስከ 7 ማንም ያልጻፈበት ክፍተት። ጊዜው ከ8 እስከ 15፣ ስሙ ከ16 እስከ 31። በድምሩ 32 ባይት።

ጎላንግ ላፕቶፕህ ላይ ልክ እንደዚሁ ያስቀምጣል። በ32 ቢት አርም ሲገነባ ግን ለ64 ቢት ቁጥር ለ4 የሚካፈል ቦታ ይበቃዋል። ክፍተቱ ጠፋ። ጊዜው ከ4 ይጀምራል፣ ስሙ ከ12፣ ድምሩ 28። ስለዚህ የቁጥሩ ታችኛ ግማሽ ብለህ ያነበብከው ክፍተቱን ነው። ላይኛው ግማሽ ብለህ ያነበብከው እውነተኛውን ጊዜ። ስሙስ? 12 ላይ ያለው የጊዜው ላይኛ ግማሽ ነው፣ እሱ ደግሞ ዜሮ ነው። ስም ዜሮ ሲያይ ያቆማል። ለዚህ ነው ባዶ የሆነብህ።

"32 ቢት እንዳትሉኝ" ብለሃል፣ ይቅርታ ወንድሜ፣ ልንልህ ነው። ዩኔም የሚነግርህ ስለ ከርነሉ ብቻ ነው። ጌትኮንፍ የሚባለውን ትእዛዝ ሎንግ ስንት ቢት እንደሆነ ጠይቀው።

ባለፓይ፦

32 አለ። አፈርኩ።

ከርነሉ 64፣ የቀረው ቤት በሙሉ 32። ጎላንጉም የ32ቱ ነው። ግን ኮ-ሪ የተባለው ነገር ለዚህ አልነበር እንዴ የመጣው? "አንዴ ኮምፓይል፣ የትም አሂድ" ብለው አስጎምጅተውን። ዝብርቅርቁንስ ምን ልበለው?

ቢት_ቆጣሪ፦

ኮ-ሪ የሚያስተካክለው የከርነሉን ስትራክቶች ነው። አንድ ፊልድ በአንዱ ከርነል 40 ላይ፣ በሌላው 48 ላይ ቢሆን ሲጫን በቢቲኤፍ አይቶ ያቃናል። አንተ ፈጥረህ በሪንግ በፈር የላክከውን ስትራክት ማንም አያይልህም። እሱ በክላንግ (የኢቢፒኤፉን ኮድ በሚገነባው ኮምፓይለር) እና በጎላንግ ኮምፓይለር መካከል ያለ ያልተጻፈ ውል ነው። ሁለቱ ደግሞ ተገናኝተው አያውቁም።

ዝብርቅርቁን በጣም ነው የወደድኩት። ሪንግ በፈር ለአንድ መልእክት 8 ባይት ራስጌ ይጨምራል፣ ስለዚህ የአንተ መልእክት 40 ባይት ይይዛል። በፈሩ 262,144 ባይት ነው። ለ40 ስታካፍለው 6,553 መልእክት ይገባና 24 ባይት ይተርፋል። የመጀመሪያው ዙር የሚጻፈው ባዶ ገጽ ላይ ነው፣ ክፍተቱ ዜሮ ይሆናል። ሁለተኛው ዙር አሮጌው ላይ ይጻፋል፣ ያውም በ16 ባይት ተንሸራትቶ። ቦታ ስትይዝ ደግሞ የሚያጸዳልህ የለም። ክፍተትህ ላይ የሚቀረው የድሮው መልእክት የፕሮሰስ ስም ነው፣ ከአምስተኛው ፊደል እስከ ስምንተኛው። አራቱን ባይት በየተራ አውጣቸው። 107፣ 101፣ 114፣ 47 ካገኘህ ኬ፣ ኢ፣ አር፣ ስላሽ ናቸው። የኬወርከር፣ የከርነሉ የራሱ ሠራተኛ ፕሮሰስ፣ ስም ጭራ።

ባለፓይ፦

107፣ 101፣ 114፣ 47። ወይ ጉድ! ሚስቴ ምን ያስቅሃል አለችኝ፣ ማስረዳት አቃተኝ።

የድሮ_ሲ፦

ልጆች፣ ጥሩ ነው የሄዳችሁት። አንድ ነገር ብቻ ላቃና፣ "32 ቢት አርም ክፍተት የለውም" ብሎ የሚወጣ እንዳይኖር። ተቀባዩ በሲ ቢጻፍ ኖሮ ፓዩ ላይ ልክ ይመጣ ነበር፤ በአርም የሲ ኮምፓይለር 64 ቢት ቁጥርን ለ8 ነው የሚያስተካክለው። ለ4 የሚለው ጎላንግ ነው። በሲ የሚያስቸግራችሁ 32 ቢቱ ኢንቴል ነው፣ እዚያ ስትራክት ውስጥ ለ4 ይበቃል። ማሽኑንም ቋንቋውንም አንድ ላይ ጠይቁ።

ሎንግን ደግሞ ከርነልና ዩዘርስፔስ በሚጋሩት ነገር ውስጥ በጭራሽ አትጻፉ። በድሮ መሥሪያ ቤቴ አንድ ያረጀ 32 ቢት ኢንቴል ነበረን። ፓኬት የሚቆጥር ማፕ (ኢቢፒኤፍና ዩዘርስፔስ የሚጋሩት ሠንጠረዥ) ነበር፣ ዋጋው አንሳይንድ ሎንግ። ኢቢፒኤፍ በኩል 8 ባይት ነው። አንባቢው በሲ፣ ያው አንሳይንድ ሎንግ ብሏል፣ እሱ ዘንድ 4 ነው። ከርነሉ የማፑን ዋጋ ሲያመጣ የናንተን ሳጥን ስፋት አይለካም፣ 8 ባይቱን ይዘረግፈዋል። የተረፈው አራት ዜሮ ጎረቤት ላይ ፈሰሰ። ጎረቤቱ የሉፑ ቆጣሪ ነበር። በዞረ ቁጥር ወደ ዜሮ ይመለሳል፣ ሉፑ አያልቅም። ሁለት ቀን ኔትወርኩን ስንወቅስ ነበር፣ ገመድ ሁሉ ቀይረናል።

ባለፓይ፦

ጋሼ፣ እናመሰግናለን። የኛም ማፕ ውስጥ አንድ ሎንግ ተደብቆ ነበር፣ የትም ቢሆን 64 ቢት ወደሆነው ዩ64 ቀይሬዋለሁ።

ያደረግኩት ይኸው። ክፍተቱን ስም ሰጥቼ ስትራክቱ ውስጥ ጻፍኩት፣ 4 ባይት፣ ከርነሉ በኩል ዜሮ እሞላዋለሁ። የጎላንጉን ስትራክት በእጄ መጻፍ ትቼ ቢፒኤፍቱጎ የሚባለው መሣሪያ ከቢቲኤፉ እንዲያወጣው አደረግኩ፣ እሱ ክፍተቱን ራሱ ይጽፋል። ፕሮግራሙ ሲነሳ ደግሞ መጠኑን 32 ነህ ወይ ብሎ ይጠይቃል፣ ካልሆነ አልሠራም ይላል። ላፕቶፕ ላይ ለኤአርኤም64 ገንብቼ ብወስደውም ይሠራል፣ ከርነሉ 64 ስለሆነ፤ ሞክሬዋለሁ። ግን እሱ በሽታውን መሸፈን መሰለኝ።

አሁን ቁጥሩ እውነት ሆነ። ቀኑን ሙሉ 1 እና 2 ሚሊሰከንድ። ትናንት ከምሽቱ 2 ሰዓት ከሩብ፣ እህቴ ሂሳብ ስትዘጋ፣ አንዷ ጽሕፈት 1,900 ሚሊሰከንድ ፈጀች፣ ተከታዮቿም ከዚያ ብዙም አይሻሉ። እንግዲህ ካርዱም በእውነት ሞቷል ማለት ነው። የት እንደገዛሁት አልናገርም። ነገ መርካቶ ወርጄ ሌላ ላመጣ ነው፣ "ኮምፒውተርህ ተኛ" የሚለው ስልክ ሳይደወል።