አኪንፌንዋ 13 ክለብ የዞረው የሚፈልገው አጥቶ ነው?

ዘጠኝ ቁጥር፦
ሰላም ለሁላችሁ። ትናንት ፕሌስቴሽን ቤት አንዱ ልጅ አኪንፌንዋን አስገብቶ ሲጫወት ክርክር ተነሳና ሳንግባባ ተለያየን። ያው አብዛኞቻችን አዴባዮ አኪንፌንዋን የምናውቀው በፊፋ ጌም ነው፣ ያ ግዙፉ ሰውዬ፣ ጉልበት ላይ ከሁሉም በላይ የሚሰጡት ፍጥነት ላይ ደግሞ የሚነፍጉት። አንዱ ጓደኛችን "ሰውዬው በእውነተኛ ሕይወቱ እኮ 13 ክለብ ዞሯል፣ ደህና አጥቂ ቢሆን አንዱ ይዞ ያስቀረው ነበር" አለ። እኔ አልተዋጠልኝም። ከ18 ዓመቱ ጀምሮ 40 እስኪሞላው ደሞዝ እየተከፈለው ኳስ የተጫወተ ሰው እንዴት አይረባም ይባላል? ግን "ታዲያ ለምን በየዓመቱ ማሊያ ይቀይራል?" ሲለኝ መልስ አጣሁ። የእንግሊዝን ታችኛውን ሊግ የምትከታተሉ ካላችሁ እስቲ አስረዱኝ፣ በጣም ከንክኖኛል።

ሊግ ቱ ወዳጅ፦
ደስ የሚል ጥያቄ ነው፣ እኔ ለዓመታት ስከታተለው የኖርኩት ሰውዬ ስለሆነ ትንሽ ላስረዝመው። ከፕሪሚየር ሊጉ ሥር ቻምፒዮንሺፕ፣ ከሱ ሥር ሊግ ዋን፣ ከሱ ሥር ሊግ ቱ አለ፣ እያንዳንዳቸው 24 ክለብ፣ በዓመት 46 ጨዋታ። ታች ያሉት ክለቦች የላይኞቹን የቴሌቭዥን ገንዘብ አያገኙም፣ ስለዚህ ብዙ ጊዜ የሚያስፈርሙት ለአንድ ዓመት ወይ ለሁለት ዓመት ነው። ሲዝኑ ሲያልቅ ግንቦት ላይ ክለቡ የሚያስቀራቸውንና የሚለቃቸውን ስም ዝርዝር ያወጣል፣ ስምህ ከሚለቀቁት ጋር ከወጣ በቃ ክረምቱን ሙሉ ስልክ ስትጠብቅ ትከርማለህ። አሰልጣኝ ከተባረረ አዲሱ የራሱን ሰው ያመጣል፣ ክለቡ ከወረደ በጀት ይቀነሳል፣ ካደገ ደግሞ "ለላይኛው ሊግ አትሆንም" ትባላለህ። ጎል አግብተህም እኮ ትለቀቃለህ። ጓደኛህ ያላየው እሱን ነው።

አሁን የሰውዬውን መንገድ እየው። የለንደን ልጅ ነው፣ ቤተሰቦቹ ናይጄሪያውያን። እንግሊዝ ውስጥ ቦታ ሲያጣ ሊቱዌኒያ ሄዶ አትላንታስ ለሚባል ክለብ ፈረመ፣ እዛ ሜዳ ላይ የዘረኝነት ዘፈን ይዘፈንበት እንደነበር ራሱ ብዙ ጊዜ ተናግሯል። በዛ ዕድሜ፣ በዛ ብርድ፣ ብቻውን። እኔ ብሆን በሳምንቱ ነበር የምመለሰው፣ እሱ ግን ቆይቶ የሀገሪቱን ዋንጫ አነሳ። ከዛ ዌልስ ባሪ ታውን ገባ፣ ክለቡ በገንዘብ ችግር ተንኮታኮተ። ከዛ በ2003-04 በአንድ ሲዝን ውስጥ ቦስተን ዩናይትድ፣ ሌይተን ኦሪየንት፣ ራሽደን እና ዶንካስተር፣ አራት ክለብ! በዛ ዓመት ምን ያህል ጊዜ ሻንጣ እንዳሰረ አስበው። 13ቱን ክለብ ስትቆጥር የመጀመሪያዎቹ ስድስቱ እዚሁ አለቁ፣ ልጁ ገና 22 ዓመቱ ነው።

ቶርኪ ላይ አንድ ሲዝን ሙሉ ተሰለፈና ጎል አገባ፣ ክለቡ ግን ወረደ፣ ስዋንሲ ወሰደው። ስዋንሲ አዲሱ ስታዲየም ሊበርቲ ላይ የመጀመሪያውን የሊግ ጨዋታ ሲያደርግ ጎሉን ያገባው እሱ ነው፣ ትራንሜር ላይ። በ2006 ደግሞ በአንድ ስታዲየም፣ ካርዲፍ ላይ፣ በሁለት ወር ውስጥ ሁለት ፍጻሜ ተጫወተ። አንዱን፣ የፉትቦል ሊግ ትሮፊውን፣ ካርላይልን 2 ለ 1 ሲያሸንፉ የማሸነፊያውን ጎል አገባ። ሁለተኛው ወደ ቻምፒዮንሺፕ የሚያሳድገው ፕሌይኦፍ ነበር፣ ከባርንስሊ ጋር በመለያ ምት ተሸነፉ፣ ከሳቱት ሁለት ሰዎች አንዱ እሱ ነው። ከዛ እግሩ ተሰበረ። ኮንትራቱ ሲያልቅ ከስዋንሲ ወጣ፣ ለወራት ክለብ አልነበረውም፣ ሚልዎል ለአጭር ጊዜ ያዘው፣ ከዛ ኖርዝአምፕተን። ሌላው ሰው እዚህ ጋ ነው ኳስ የሚያቆመው። እሱ ከዛ በኋላ ገና 14 ዓመት ተጫውቷል።

እና በየሄደበት የሚሰማው አንድ ነገር ነው፣ "ወፍረሃል፣ ይሄ ሰውነት ለኳስ አይሆንም"። ኖርዝአምፕተንና ጂሊንግሃም ሁለት ሁለቴ ያስፈረሙት እኮ ነው፣ የማይጠቅም ሰው ሁለቴ ይጠራል?

ዘጠኝ ቁጥር፦
ወንድሜ አመሰግናለሁ፣ ሁለቴ መጠራቱን አላውቅም ነበር። ግን ሜዳ ላይ በትክክል ምን ያደርግ ነበር? ያለ ፍጥነት አጥቂ እንዴት ይሆናል?

ከለንደን፦
እሱን እኔ ልመልስልህ፣ በዓይኔ አይቼዋለሁ። እዚህ የፕሪሚየር ሊግ ቲኬት ለእንደኔ አይነቱ ሠራተኛ አይቀመስም፣ ስለዚህ ቅዳሜ እረፍት ሲኖረኝ ከሜሪልቦን ባቡር ይዤ ሃይ ዋይኮምብ እሄዳለሁ፣ ዋይኮምብ ዋንደረርስን ለማየት። አዳምስ ፓርክ ትንሽዬ ስታዲየም ናት፣ መጋዘንና ጋራዥ ባለበት መንገድ መጨረሻ ላይ፣ ከኋላዋ ደን የለበሰ ኮረብታ። መጀመሪያ የሄድኩ ቀን ተቀያሪ ነበር፣ ለማሟሟቅ ሲነሳ ብቻ ሰው ሁሉ መጮህ ጀመረ።

የሚያደርገው ነገር ይሄ ነው፣ ኳሱ ከኋላ በረጅሙ ይመጣል፣ እሱ ተከላካዩን በጀርባው ይዞ ይቆማል፣ ሁለት ሰው ቢንጠለጠልበትም አይነቃነቅም፣ በደረቱ ያወርድና ለሚሮጠው ልጅ ያቀብላል። እንደ በር መዝጊያ ቆሞ ኳስ ይጠብቃል በለው። ሩጫውን ሌሎቹ ይሮጡለታል። ቴሌቭዥን ላይ ይሄ አይታይም ምክንያቱም ካሜራው ኳሱን ነው የሚከተለው፣ ስታዲየም ስትገባ ግን ሁለት ተከላካይ ጨዋታውን ሙሉ እሱን ብቻ ሲጠብቁ ታያለህ፣ ሲያልቅ ደክሟቸው ወገባቸውን ይዘው ነው የሚወጡት።

እና ትልቁ ነገር ጋሬዝ አይንስዎርዝ የሚባለው የያኔው የዋይኮምብ አሰልጣኝ ነው። አኪንፌንዋ በ2016 ያኔ የሚጫወትበትን ክለብ ዊምብልደንን ወደ ሊግ ዋን ያሳደገው ፕሌይኦፍ ላይ፣ ዌምብሌይ፣ ፕሊመዝን 2 ለ 0 ሲያሸንፉ መጨረሻ ላይ ፔናሊቲ አገባ፣ ጨዋታው እንዳለቀ ቃለ መጠይቅ ላይ "አሁን ሥራ ፈት ነኝ፣ የምትፈልጉኝ አሰልጣኞች በዋትስአፕ ፈልጉኝ" የሚል ነገር ተናገረ። ሰው ሁሉ ስቆ ነው ያለፈው፣ ግን አስበው፣ ቡድኑን ባሳደገበት ቀን ሥራ የለውም! 34 ዓመቱ ነው፣ ቤተሰብ አለው። አይንስዎርዝ ወሰደውና ሌሎቹ "ሰውነትህን ቀንስ" ሲሉት የኖሩትን ሰውዬ በዛው ሰውነቱ ቡድኑን ዙሪያው ላይ ሠራ። ስድስት ዓመት አንድ ክለብ ተቀመጠ፣ ያውም ሁሉም ጡረታ በሚወጣበት ዕድሜ። በ2018 ሊግ ዋን ገቡ፣ በ2020 ደግሞ በኮቪዱ ጊዜ ባዶ ዌምብሌይ ላይ ኦክስፎርድን 2 ለ 1 አሸንፈው ቻምፒዮንሺፕ ገቡ። ክለቡ ከተመሠረተ ከ1887 ጀምሮ እዛ ደርሶ አያውቅም። እሱ የሊቨርፑል ደጋፊ ነው፣ ሊቨርፑልም በዛው ሰሞን ዋንጫ አንስቷል፣ በዋትስአፕ ሊደውልልኝ የሚችለው ክሎፕ (የያኔው የሊቨርፑል አሰልጣኝ) ብቻ ነው ብሎ ተናገረ፣ ክሎፕም የእውነት የእንኳን ደስ አለህ ቪዲዮ ላከለት። እኔ የዛን ቀን በስልኬ እያየሁ ዕንባዬ መጥቷል፣ 38 ዓመቱ ነበር።

የቅዱሳኑ ደጋፊ፦
ሁላችሁም ያላችሁት ልክ ነው ግን እኔ ሌላውን እንግሊዛዊ አጥቂ ሪኪ ላምበርትን ሳላነሳ አላልፍም፣ በዛው በ1982 የተወለደ፣ የሦስት ወር ታላቅ። ሊቨርፑል በ15 ዓመቱ አሰናበተው፣ ብላክፑል በ19 ዓመቱ ገደማ ለቀቀው፣ ከዛ ፋብሪካ ገብቶ የቀይ ሥር ማሰሮ ክዳን ሲከድን ነበር፣ በቀን 20 ፓውንድ። ማክልስፊልድ፣ ስቶክፖርት፣ ሮችዴል፣ ብሪስቶል ሮቨርስ። ሮችዴል እያለ አጠገቡ የሚሰለፈው አጥቂ ግራንት ሆልት ነበር፣ እሱም ጎማ ፋብሪካ የሠራ ሰው ነው። ሊግ ቱ ላይ፣ ማንም ሳያያቸው፣ እነዚህ ሁለት ልጆች ጎን ለጎን! ከስድስት ዓመት በኋላ ሆልት ለኖርዊች በፕሪሚየር ሊግ 15 ጎል አገባ፣ በቀጣዩ ዓመት ላምበርት ለሳውዝአምፕተን 15። ይሄን ሳስብ ሁሌ ይገርመኛል፣ አሁንስ ሮችዴልን የመሰለ ቦታ ስንት ሰው ተቀምጦ ይሆን።

ላምበርትን በ2009 ከሊግ ዋን በ1 ሚሊዮን ፓውንድ ስንገዛው እኛ ሳውዝአምፕተኖች ራሳችን ከ10 ነጥብ ቅነሳ ጋር ሊግ ዋን ነበርን። ከታች ይዞን ወጣ። በ2013 በ31 ዓመቱ ለእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን ተቀይሮ ገባ፣ ስኮትላንድ ላይ፣ የመጀመሪያ ንክኪው የቤይንስ ማዕዘን ምት ነበር፣ በቴስታ ጎል! ከዛ በ2014 ያሰናበተው ሊቨርፑል መልሶ ገዛው።

ልዩነቱ ምን መሰለህ ዘጠኝ ቁጥር፣ ላምበርትን 27 ዓመቱ ላይ አንድ ክለብ ገንዘብ ከፍሎ አምኖ ወሰደው፣ አኪንፌንዋን እንደዛ አምኖ የያዘው ሰው የመጣው 34 ዓመቱ ላይ ነው። እኔ የሁለቱን ጎል አግቢነት አላወዳድርም፣ ላምበርት በእግሩ የበለጠ የተካነ ነበር፣ ፔናሊቲ ለሳውዝአምፕተን አንድም ስቶ አያውቅም። ግን የሰባት ዓመት መዘግየት ቀላል ነገር አይደለም።

ሊግ ቱ ወዳጅ፦
እሱን ስታነሳ ትዝ አለኝ፣ ጥር 2015 በኤፍኤ ካፕ ሊቨርፑል ዊምብልደን ሜዳ ሄዶ 2 ለ 1 ያሸነፈ ጊዜ ላምበርት የሊቨርፑል ተጫዋች ነበር፣ የዊምብልደንን ጎል ያገባው ደግሞ አኪንፌንዋ። ጄራርድ ሁለት አገባ፣ ሲያልቅ ማሊያውን ለአኪንፌንዋ ሰጠው። ከልጅነቱ የሚደግፈው ክለብ ላይ ጎል አግብቶ የካፒቴኑን ማሊያ ይዞ ቤቱ ገባ።

ዘጠኝ ቁጥር፦
በጣም አመሰግናለሁ ሁላችሁንም። የዛን ቀን ጎል አሁን ዩቲዩብ ላይ አግኝቼ እያየሁት ነው፣ ከማዕዘን ምት ነው፣ ግርግሩ መሃል ቀድሞ ደርሶ ገፍቶ አገባት። ነገ ለልጁ ስልኬን ይዤለት እሄዳለሁ።