የቴይዴን ብሔራዊ ፓርክ በመኪና ለማየት በየት በኩል መግባት ይሻላል?

ጠያቂ፦
ጤና ይስጥልኝ። በግንቦት ወር ከባለቤቴና ከእናቴ ጋር የስፔን ግዛት ወደሆነችው ቴኔሪፌ ደሴት እንሄዳለን። ማረፊያችን በሰሜኑ ጠረፍ፣ ፖርቶ ዴ ላ ክሩዝ ነው። መኪና ተከራይተን ቴይዴ የተባለው የእሳተ ገሞራ ተራራ ያለበትን ፓርክ በአንድ ቀን ለማየት አስበናል፤ ሆኖም እናቴ የልብ ሕመም ስላለባቸው ከፍታው ያሳስበኛል። መንገዱን የምታውቁ ምን ትመክሩናላችሁ?

መንገደኛው፦
በላ ኦሮታቫ በኩል፣ ቲኤፍ 21 በተባለው መንገድ ቢወጡ ይሻላል። ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰው እርጥብ ነፋስ ከተራራው ጋር ሲላተም ደመናው በጥዱ ደን ላይ ተኝቶ ስለሚውል፣ ከሙዝ እርሻ ተነሥተው ጭጋግ ውስጥ ይገባሉ፤ ከጥቂት ጠመዝማዛ በኋላ ደግሞ ደመናውን ከእግርዎ በታች ትተው ጠራራ ፀሐይ ላይ ይወጣሉ። በጭጋጉ ውስጥ ብስክሌተኞች ስለሚያጋጥሙ መብራት አብርተው በዝግታ ይንዱ። ደኑ ውስጥ ቆም ብለው የካናሪን ጥድ በቅርበት ይመልከቱት፦ ሦስት ሦስት ሆነው የበቀሉት ረጃጅም ቅጠሎቹ ጭጋጉን ወደ ጠብታ ስለሚለውጡት፣ ዝናብ ባልጣለበት ቀን እንኳ ከሥሩ ያለው መሬት ርሶ ይገኛል። በፓርኩ ውስጥ ማደያ ስለሌለ ነዳጅ ከታች ይሙሉ።

ሲመለሱ ከሮኬስ ዴ ጋርሲያ ዓለቶች አልፈው በቲኤፍ 38 ወደ ቺዮ ይውረዱ። በ1798 ከተራራው ጎን ፈንድቶ የፈሰሰው ጥቁር ቅልጥ ዓለት እዚያው መንገዱ ዳር ይታያል፤ ዝቅ ሲሉም በ1909 የፈነዳው ቺንዬሮ አለ። የደሴቲቱ የመጨረሻ ፍንዳታ እርሱ ነው። (ዘመኖቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነርሷ፦
ስለ እናትዎ ልጨምር። መንገዱ ራሱ ከባሕር ጠለል ተነሥቶ ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሚወጣ፣ ከጉዞው በፊት ሐኪማቸውን ያማክሩ፤ ሽቅብ ሲወጡም በየመካከሉ አረፍ ይበሉ። በገመድ ተንጠልጥሎ ጎብኚዎችን ወደ ተራራው ጫፍ አቅራቢያ የሚያወጣው መኪና (ኬብል ካር) ግን ከ2,356 ሜትር ወደ 3,555 ሜትር በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚያወጣ ለልብ ሕሙማን አይመከርም። እናትዎ ከባለቤትዎ ጋር ከታች ቢቆዩ ብዙ አይቀርባቸውም፤ ዓለቶቹም ሜዳውም ያሉት እዚያ ነው። 3,715 ሜትር ላይ ያለውን ጫፍ እርስዎ መርገጥ ከፈለጉ ፈቃድ አስቀድመው ይያዙ፤ ነፋስ ሲበረታ የኬብል ካሩ አገልግሎት እንደሚቋረጥም ይወቁ።

የሰሜን ተራራ ልጅ፦
ግንቦትን መምረጣችሁ እጅግ መልካም ነው፤ ታሂናስቴ የሚባለው ቀይ አበባ የሚፈነዳው ያኔ ነው። ሦስት ሜትር ያህል ቁመት ያለው ዘንግ ከላይ እስከ ታች በጥቃቅን አበባ ተሸፍኖ፣ ንቦች ሲርመሰመሱበት ታያላችሁ። እናትዎ የሰሜን ተራሮችን የሚያውቁ ከሆነ ጅብራ ሳይመስላቸው አይቀርም። በዘር አይዛመዱም፤ ሁለቱም ግን ዓመታት ቆይተው አንድ ጊዜ ብቻ አብበው ይደርቃሉ። ሥሩ እንዳይጎዳ ከመንገድ ሳትወጡ ተመልከቱት።