የብድር ወረቀቶቼን ከአገልግሉ ማውጣት አቃተኝ

ልብስ ሰፊዋ ከሽምብጥ፦
የሐበሻ ልብስ እሰፋለሁ። ባለፈው ክረምት ሁለተኛ የስፌት መኪና ለመግዛት ከአንድ ብድር ተቋም 60,000 ብር ተበደርኩ፤ ዋሴ ታላቅ እህቴ ናት። ለጥምቀትና ለጥር ሠርግ ሌሊቱን ስሰፋ ከረምኩ፣ ገንዘቡም ገባ። ከፋሲካ በኋላ ገበያው ቀዘቀዘ፤ የጥልፍ ክር ዋጋም ከሐምሌ 2016ቱ የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ እንደናረ ነው። ሁለት ወር ሳልከፍል ቀረሁ።

ከዚያ ወዲህ ወረቀት ማየት አልችልም። የብድር ውሉን፣ የባንክ ደብተሩንና የዱቤ መዝገቤን እናቴ በተወችልኝ አገልግል ከትቼ፣ ጠፍሩን አጥብቄ አስሬ ቁም ሣጥኑ ላይ አስቀመጥኩት። ከባንክ የመጡ 43 መልእክቶች አልከፈትኩም። የእቁባችን ዳኛ ሲደውሉም አላነሳም፤ እቁቤን በኅዳር ስለበላሁ የቀረኝ መክፈል ብቻ ነው።

ሰነፍ አይደለሁም። የጥልፍ ክር አንድ በአንድ ቆጥሬ የምሠራ ሴት አንድ ጠፍር መፍታት እንዴት ያቅተኛል? እህቴ እሑድ ለቡና ስትጠራኝ ሰበብ እየፈጠርኩ መቅረት ጀምሬአለሁ። ከሁሉ የከፋኝ ይህ ነው። ያለፈበት ሰው ይምከረኝ።

ጡረተኛ የሒሳብ ሠራተኛ፦
ልጄ፣ ብድር ቤት ረጅም ዘመን ሠርቻለሁ። ሁለት ወር ያለፈው ብድር በየቀኑ የምናየው ነገር ነበር። ቀርቦ ለተናገረ ተበዳሪ የክፍያ ጊዜ የምናሸጋሽግበት መንገድ አናጣም፤ ስልክ የማያነሳ ሲሆን ግን የክትትል ሠራተኛው የሚሄደው ወደ ዋሱ ነው። ስለዚህ ከብድር ቤቱ በፊት ወደ እህትሽ ሂጂ፣ ከሰው አፍ እንዳትሰማው።

ውሉን ስትከፍቺ ወለዱ የሚታሰበው በመጀመሪያው ገንዘብ ላይ ነው ወይስ በቀሪው ዕዳ ላይ የሚለውን ፈልጊ። ለምሳሌ 60,000 ብር በ15 በመቶ፣ በ12 ወር እኩል ክፍያ የሚያልቅ ብድር፣ በመጀመሪያው ገንዘብ ላይ ከታሰበ ወለዱ 9,000 ብር ነው፤ በቀሪው ላይ ከሆነ 5,000 ብር ገደማ ነው። የቅጣቱን አንቀጽም አንብቢ።

ቡና ነጋዴዋ፦
እህቴ፣ እኔም እንዳንቺ ነበርኩ። ከዘጌ ቡና እያመጣሁ ባሕር ዳር እሸጣለሁ። አንድ ዓመት በዱቤ የበተንኩት ቡና ገንዘቡ ሳይመለስ ቀረና ደብተሬን ስምንት ወር አልገለጥኩትም። ያበደረኝን ሰው ሱቅ ላለማየት መንገድ እቀይር ነበር።

ያዳነችኝ ጎረቤቴ ናት፤ ማንበብ አትችልም። ቡና አፈላችና «አንቺ አንብቢ፣ እኔ በጥሬ ቡና እቆጥራለሁ» አለችኝ። ለእያንዳንዱ መቶ ብር አንድ ፍሬ ረከቦቱ ሥር ታስቀምጣለች፤ የምከፍለውን በቀኝ፣ የሚከፈለኝን በግራ። በረካው ሲቀዳ የግራው ክምር በልጦ ነበር። ዕዳ አለብኝ ብዬ ስሸሽ የከረምኩት እኔ፣ ለካ ከምከፍለው ይልቅ የሚከፈለኝ ይበልጥ ነበር። አንቺም የዱቤ መዝገብ አለሽ፤ መጀመሪያ እሱን ግለጪ።

ባለ ባጃጁ፦
43ቱንም አትክፈቺ። የመጨረሻውን ብቻ ክፈቺ፤ ቀሪ ሒሳብሽ እዚያ ላይ ተጽፏል።

ልብስ ሰፊዋ ከሽምብጥ፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እሑድ አገልግሉን ይዤ እህቴ ቤት ሄድኩ። ምግብ ያመጣሁ መስሏት ትሪ አቀረበች። ጠፍሩን ስፈታ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ወረቀቶቹ ሲወጡ ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ «ባለፈው ሳምንት ደውለውልኛል፤ አንቺ እስክትነግሪኝ ጠበቅሁ» አለችኝ። አለቀስኩ።

አብረን ቆጠርን። ያለፈው ክፍያ ከነቅጣቱ 11,860 ብር ነው። አባቴ፣ እንዳሉኝ ውሉን አነበብኩት፤ ወለዱ የታሰበው በመጀመሪያው ገንዘብ ላይ ነው። በዱቤ መዝገቤ ደግሞ ከጥር ጀምሮ ያልተከፈለኝ የሚዜዎች ልብስ 7,800 ብር ወጣ። ረስቼው ነበር!

ሰኞ ብድር ቤቱ ድረስ አብራኝ ሄደች። በክረምት ሥራ ስለሌለኝ ክፍያው እንዲሸጋሸግልኝ ማመልከቻ አስገብቻለሁ፤ መልሱን እየጠበቅሁ ነው። ለእቁቡ ዳኛም ደውያለሁ። ዛሬ ማታ የሚዜዎቹን ገንዘብ ልጠይቅ እሄዳለሁ።

አገልግሉ እህቴ ቤት ነው። ባዶውን አልሰጥሽም ብላ አስቀርታዋለች።