ስለ መጽሐፍ የተሰማኝን ሰው ፊት ለመናገር እፈራለሁ፤ ምን ላድርግ?

የሳቢያን አንባቢ (ድሬዳዋ)፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ፋርማሲ ውስጥ ነው የምሠራው። የድሬን ሙቀት የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ከስድስት ሰዓት በኋላ ሱቁ ይዘጋል፣ መንገዱ ጭር ይላል፣ ሰው ጥላ ፍለጋ ይገባል። እኔ የማነበው ያኔ ነው። ቬንትሌተሩን ወደ ራሴ አዙሬ፣ እርሳስ ይዤ። የገጹ ጠርዝ ላይ እጽፋለሁ። ከገጸ ባህሪዋ ጋር እከራከራለሁ፤ «ይሄን ለምን አደረግሽ?» እላታለሁ። ቤቴ ውስጥ ሐሳብ ቸግሮኝ አያውቅም።

የሚቸግረኝ ሰው ፊት ነው። ከዚራ ውስጥ በወር አንዴ የምንገናኝ አንባቢዎች አለን። አንድ መጽሐፍ መርጠን፣ አንብበን እንመጣና ዛፍ ሥር ተቀምጠን እናወራለን። መምህራን አሉ፣ የባንክ ሠራተኞች አሉ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አሉ። ተራዬ ሲደርስ አፌ ይደርቃል። «ቆንጆ ነው፣ ወድጄዋለሁ» ብዬ ለሚቀጥለው ሰው አሳልፋለሁ። ያላሳመነኝ መጽሐፍ ላይም መልሴ ይኸው ነው። ወደ ቤት ስመለስ ባጃጅ ውስጥ ያልተናገርኩት ሁሉ ይመጣል፣ ያንገበግበኛል።

ከየት እንደመጣ አስቤበታለሁ። አንድ ጊዜ ስለ አንድ ልብ ወለድ ስናወራ «መጨረሻው ጥድፊያ በዝቶበታል» አልኩ። አንድ ሰው «ይሄን የምትይው በምን መነሻ ነው? ሥነ ጽሑፍ ተምረሻል?» አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም፣ ድምፁንም ከፍ አላደረገም። ጥያቄው ግን አብሮኝ ቀረ። አሁን ገና አፌን ሳልከፍት ጠያቂዋ ራሴ ሆኛለሁ።

ሌላው አማርኛዬ ነው። እናቴ ቤት ውስጥ የምታወራን በኦሮምኛ ነው። ያደግኩት ገንደ ቆሬ ነው። በአንድ በኩል ሶማሌ ጎረቤት፣ በሌላ በኩል ከሸዋ የመጡ ቤተሰብ። የኔ አማርኛ የድሬ አማርኛ ነው፤ ወላሂም አቦም ያለበት። የሰፈር ወሬ ሳወራ ማንም አያርመኝም፣ እኔም አላፍርም። ስለ መጽሐፍ ሲሆን ግን ሐሳቤን ትተው አማርኛዬን የሚሰሙ ይመስለኛል።

አሁን ይሄን የምጽፈው የሚቀጥለውን ውይይት እኔ እንድከፍት ስለተመረጥኩ ነው። ሃያ ደቂቃ ብቻዬን ላወራ ነው። መጽሐፉ ደግሞ የሐዲስ ዓለማየሁ ፍቅር እስከ መቃብር! በ1958 ዓ.ም. ታትሞ እስከ ዛሬ ሲወራለት የኖረ መጽሐፍ። እዚያ ከሚቀመጡት ግማሾቹ ከኔ በፊት አንብበውታል።

የምለው አጥቼ አይደለም። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ሰብለ ወንጌልና ስለ በዛብህ ፍቅር ነው። እኔን የያዘኝ ከፍቅሩ በፊት ያለው ነው። የበዛብህ ወላጆች፣ ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ፣ ልጃቸውን ለቤተ ክርስቲያን ተሳሉት። ቃሉን የገቡት እነሱ ናቸው፤ ዕዳው ግን የልጁ ሆነ። ሰብለን ሲወድ የሚያስጨንቀው አባቷ ፊታውራሪ መሸሻ ብቻ አይደሉም። ይሄ እሱ ያልገባው ቃልም አለ። ለኔ መጽሐፉ የሚጀምረው እዚያ ነው።

ይሄን ያየሁት እዚህ ስላደግኩ ይመስለኛል። ቁልቢ ቅርባችን ነው። ታኅሣሥ 19 ለገብርኤል ንግሥ ሰው ከየአገሩ ሲጎርፍ፣ ጃንጥላ ይዞ በእግሩ የደንገጎን ዳገት ሲወጣ እያየን ነው ያደግነው። የጎረቤታችን ልጅ የስለት ልጅ ነበር። ሲያጠፋ እናቱ «አንተ እኮ የገብርኤል ነህ!» ትለዋለች። ያኔ ፊቱ እንዴት ይሆን እንደነበር አልረሳውም። በዛብህን ሳነብ የሚመጣብኝ እሱ ነው።

ግን እኔ ሙስሊም ነኝ። ስለ ስለትና ስለ ቤተ ክህነት ምን አውቄ ነው የማወራው? ጎጃምንም አይቼው አላውቅም። «ሳታውቂ ነው የምታወሪው» ቢሉኝስ? እናንተ ይሄ ፍርሃት ሲመጣባችሁ ምን ታደርጋላችሁ? ልናገር ወይስ ለሌላ ሰው ልተወው?

መጽሐፍ ሻጭ (ሀረር)፦

እህቴ፣ ለሌላ ሰው እንዳትተዪው።

እኔ ሸዋ በር አካባቢ አሮጌ መጽሐፍ እሸጣለሁ። ብዙ አልተማርኩም። ቀኑን ሙሉ ሰው የሚጠይቀኝ ግን አንድ ነገር ነው፤ «ይሄ እንዴት ነው?» ሁሉንም ቆንጆ ነው ብል ማን ያምነኛል? «መጀመሪያው ላይ ይጎተታል፣ ታገሠው፤ ግማሹን ካለፍክ አትለቀውም» ያልኩት ሰው ነው ተመልሶ የሚመጣው። አንዳንዱ ሊጣላኝ ነው የሚመጣው። «ምኑ ነው የሚጎተተው? እኔ መጀመሪያውን ነው የወደድኩት» ይለኛል። ሻይ አዘን እንከራከራለን። እንዲህ ያለው ሰው ከሁሉም የበለጠ ደንበኛዬ ነው።

ስለ ፍቅር እስከ መቃብር ደግሞ ልንገርሽ። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። መጽሐፉን የምታውቀው ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ሰምታ ነው። ግቢያችን ውስጥ ሬዲዮ ያለው አንድ ቤት ነበር። ሴቶቹ ቡና አፍልተው ይሰበሰባሉ። ትረካው ሲያልቅ ጭቅጭቁ ይጀመራል። አንዷ ለሰብለ ታለቅሳለች። ሌላዋ «አባቷስ ምን ያድርጉ? ክብራቸው ነው» ትላለች። ፊታውራሪ መሸሻን ልክ ግቢው ውስጥ እንደሚኖር ሰው ነበር የሚሰድቧቸው። ሐረሪዋም፣ ኦሮሞዋም፣ ጉራጌዋም። ጎጃምን ያየች አንዲትም አልነበረችም። እናቴ «በዛብህ ቆራጥ አይደለም» ብላ ፈርዳበት ነበር። እኔ አድጌ መጽሐፉን ሳነብ ልሟገትለት ሞከርኩ። እስክትሞት አልተረታችልኝም።

እነሱን ሥነ ጽሑፍ ተምራችኋል ወይ ያላቸው የለም። ቢላቸውም የሚሰሙት አይመስለኝም።

ደግሞ እኛ አገር፣ ሀረርም ድሬም፣ ትልቁን ሰው «አንተ» እያልን ነው የምናወራው። ከሌላ አገር የመጣ ሰው መጀመሪያ ይደነግጣል፣ ኋላ እሱም ይለምደዋል። ንቀት እንዳይደለ ታውቂዋለሽ፤ መቀራረብ ነው። ይሄን መጽሐፍም እንደዚያ ቅረቢው። የተከበረ ነው ብለሽ ከሩቅ አትቁሚ።

የአማርኛ መምህር (ድሬዳዋ)፦

ከላይ በተባለው እስማማለሁ። አንድ ነገር ግን ልጨምር። ሰውዬው የጠየቀሽ ሁለት ጥያቄ ነው። «ተምረሻል ወይ?» የሚለው ቦታው አልነበረም፤ እሱን ተዪው። «በምን መነሻ ነው?» የሚለውን ግን አትጥዪው። መልስ ያለው ጥያቄ ነው። መልሱም ዲግሪ አይደለም፣ መጽሐፉ ነው።

ክፍል ውስጥ ተማሪዎቼን የምጨቀጭቃቸው በዚህ ነው። «አሰልቺ ነው» ይሉኛል። የቱ ጋ? ስላቸው ዝም። ቦታውን ፈልገው ሲያገኙት ግን ራሳቸው ይገረማሉ። አንዳንዴ ያሰለቻቸው ታሪኩ ሳይሆን አንድ ረጅም መግለጫ ነው። አንዳንዴ ደግሞ ሲፈልጉ ሐሳባቸው ይለወጣል። ያንቺም ጥርጣሬ እዚህ ጋ ይጠቅምሻል። መጽሐፉን መልሰሽ እንድትከፍቺ ካደረገሽ ጥሩ ነው። አፍሽን ሲዘጋው ነው የሚጎዳሽ።

ስለዚህ ንግግርሽን በአስተያየትሽ አትጀምሪ። ስለቱ የተነሳበትን ቦታ ፈልጊና አንድ አንቀጽ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ አንብቢላቸው። ቀጥለሽ በዛብህ በስለቱና በፍቅሩ መካከል የሚጨነቅበትን አንብቢ። ከዚያ «እኔ ሳነበው እንዲህ ታየኝ» በዪ። «ደራሲው ሊሉ የፈለጉት ይሄን ነው» ከማለት ተጠበቂ፤ የማትወጪበት ክርክር ይሆናል። የራስሽን ማስታወሻ ሳትጨርሺም የሌላ ሰው ሂስ አታንብቢ። ከጨረስሽ በኋላ አንብቢ፤ ያኔ ትከራከሪዋለሽ እንጂ አትገለብጪውም።

ሙስሊም ነኝ፣ ጎጃምን አላውቅም ላልሽው፦ ሐዲስ ዓለማየሁ ጎጃም ተወልደው የቤተ ክህነት ትምህርት የተማሩ ሰው ናቸው። ያንን ዓለም ከውስጥ ያውቁታል። እኔም የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ነኝ። እንደኔ ዓይነቱ አንባቢ ስለት ሲነሳ የለመደው ነገር ስለሆነ ሳይቆም ያልፋል። አንቺ ቆመሻል። የጎረቤትሽን ልጅ ፊት አይተሻል። ይሄን እኛ ልንነግርሽ አንችልም፤ አንቺ ነሽ የምትነግሪን።

የለገሃሬ ልጅ፦

እኔ ትንሽ ልለይ። አንባቢ ሁሉ ሰው ፊት ቆሞ መናገር አለበት የሚለው አይገባኝም። እኔም እንደዚህ ዓይነት ስብሰባ ሞክሬ ተውኩት። አሁን ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ነው የማነበው። ማታ ሙቀቱ ሲበርድ እንገናኛለን፣ ሳምቡሳና ሻይ ይዘን እናወራለን። ማንም አይለካኝም። ስለ መጽሐፍ እንዲህ በደንብ አውርቼ አላውቅም። እንቅልፍ የሚነሳሽ ከሆነ ሃያ ደቂቃውን ለሌላ ሰው ስጪ። ሐሳብሽን ለሚሰማሽ አንድ ሰው ብትነግሪውም ተነገረ ነው።

ከተናገርሽ ግን አቦ በድሬ አማርኛ ተናገሪ! የዜና አንባቢ ልምሰል ካልሽ ቃል ስትመርጪ ሐሳቡ ያመልጥሻል። «ወላሂ ይሄ ልጅ አሳዘነኝ» ብለሽ ብትጀምሪ ዛፉ ሥር የተቀመጠው ሁሉ ቀና ይላል።

የሳቢያን አንባቢ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እንዲህ ጊዜ ሰጥታችሁ ትጽፉልኛላችሁ ብዬ አልጠበቅኩም።

የለገሃሬ ልጅ፣ ያልከው ገብቶኛል። ከአንድ ሰው ጋር ማውራት እኔም እወዳለሁ። ግን ሰው ፊትም መናገር እፈልጋለሁ። ባልፈልግ ኖሮ ባጃጅ ውስጥ አያንገበግበኝም ነበር። አማርኛዬን ግን እንዳልከኝ አልነካውም።

መምህር፣ ዛሬ ቀትር ላይ ቦታዎቹን ስፈልግ ነበር። የኔና የጓደኛዬ መጽሐፍ እትማቸው የተለያየ ስለሆነ ገጹ አልገጥም አለን፤ በምዕራፍ ነው የምጠራው። ሐሳቤም ሄደ ሄደና ሌላ ቦታ አደረሰኝ። ወላጆቹ ክፉ ሰዎች አይደሉም። የተሳሉት ልጃቸውን ስለሚወዱት ነው። ክፉ ቢሆኑ ኖሮ በዛብህ ይጠላቸውና ይገላገል ነበር። የወደዱትን ሰዎች ቃል ማፍረስ ነው ያቃተው። ንግግሬን የማቆመው በዚህ ላይ ነው።

የስለት ልጅ የነበረው ጎረቤቴጋም ደወልኩ። አሁን ጋራዥ ነው የሚሠራው። ሳላስፈቅድ ታሪኩን ላወራ አልፈለግኩም። መጀመሪያ ሳቀ። «ስሜን ካልጠራሽ ንገሪያቸው» አለኝ። ትንሽ ቆየና «እናቴን ግን ክፉ እንዳታደርጊያት» አለ። ስለ ቦጋለና ስለ ውድነሽ ያሰብኩትን ነገርኩት። «በቃ እንደሱ በዪ» አለኝ።

ያ ሰውዬ «በምን መነሻ?» ካለኝም ምዕራፉን ከፍቼ አነብለታለሁ።

ጋሼ፣ አንተን አንድ ነገር ልጠይቅህ። እናትህ በዛብህን «ቆራጥ አይደለም» ያለችው በምን ምክንያት ነበር? ከፈቀድክልኝ ይሄንንም መናገር እፈልጋለሁ።

መጽሐፍ ሻጭ (ሀረር)፦

ፈቅጃለሁ። «እሱ ብቻውን ነው ወደ አዲስ አበባ የሸሸው፤ ተነስታ ፍለጋ የወጣችው ግን ሴቲቱ ናት» ትል ነበር። እኔ «ምን ምርጫ ነበረው?» ስላት «እሷስ ምን ምርጫ ነበራት?» ትለኛለች። እዚህ ጋ ነው ሁሌ የምትረታኝ።

ቀኑን ንገሪኝ። ከሀረር ድሬ ቅርብ ነው፣ ልሰማሽ እወርዳለሁ። ወላጆቹ ላይ ያልሽው ግን ሙሉ በሙሉ አላሳመነኝም። እዚያው እንነጋገራለን።