የክልል መድረክ ለማን ይሰጥ? ለጀማሪ ደራሲ ወይስ ከአዲስ አበባ ለሚመጣ ቲያትር?

ክርክሩን የከፈተው፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር ያለው ሙሉዓለም የባህል ማዕከልም ሆነ ከሱ ያነሱ የክልል አዳራሾች መድረካቸውን ለማን ይስጡ? እኔ ለአካባቢው ጀማሪ ጸሐፍት ነኝ። አዲስ አበባ ላይ አንድ ቲያትር በሳምንት አንድ ቀን እየታየ ዓመትና ከዚያም በላይ ይቆያል። ከተማው ሰፊ ነው፤ ተመልካች አያልቅም። እኛ ጋ ግን ቲያትር ወዳዱ በቁጥር ይታወቃል። ጥቂት ሳምንት ከታየ አዳራሹ ጭር ይላል። ስለዚህ አዲስ ድርሰት ቶሎ ቶሎ የሚያስፈልገው ከትልቁ ከተማ ይልቅ ትንሹን ነው። ያን ሁሉ ማን ይጽፍልናል?

የአነስተኛ አዳራሽ አስተባባሪ፦
ወንድሜ፣ የተዋናዩን አበልና የመብራቱን ሂሳብ ማን ይክፈል? በበዓል ሰሞን በቴሌቪዥን የሚታወቅ ፊት ሲመጣ ሕዝቡ በር ላይ ይሰለፋል። የማይታወቅ ልጅ ሥራ ሲሆን የሚገባው ዘመድ አዝማድ ነው፤ ያውም በግብዣ ወረቀት።

ተዋናይት፦
እኔን የሚያሳስበኝ ጽሑፉ ነው። ክልል ላይ ለዓመታት የሠራነው በአብዛኛው የታዘዘ ድራማ ነው። ስለ ኤች አይ ቪ፣ ስለ ያለ ዕድሜ ጋብቻ። ጉዳዩ ትልቅ ነው፤ ግን መልእክቱ ቀድሞ ይሰጥሃል፣ ገፀ ባሕርያቱን ኋላ ትፈልጋለህ። ልጆቹም ያንኑ አይተው ይጽፋሉ። አፏን በከፈተች ቁጥር ትምህርት የምትሰጥ ሴት ሆኜ መጫወት ደክሞኛል። ሰው ከእናቱ ጋር ሲጣላ እንደዚያ አያወራም።

ጀማሪ ደራሲ፦
እህቴ፣ ልክ ነሽ። ግን ስህተቴን ማን ያሳየኝ? ለአንድ ቲያትር ቤት ጽሑፍ አስገብቼ ስምንት ወር ጠበቅሁ። መልሱ «አልተመረጠም» የሚል አንድ ቃል ብቻ ነበር። የጻፍኩትን በተዋናይ አፍ ሰምቼው አላውቅም። ቤቴ ጮክ ብዬ ሳነበው ሁሉም ገፀ ባሕርይ እንደ እኔ ነው የሚያወራው።

ጡረተኛ መምህር፦
ልጆቼ፣ እኔ ጎጃሜ ነኝ፤ ቲያትር አያመልጠኝም። ከአዲስ አበባ በሚመጣልን ቲያትር እንደኛ የሚናገረው ብዙ ጊዜ ዘበኛው ነው፤ እሱም ለማሳቅ። እንደኛ እየተናገረ የሚያፈቅር፣ የሚከዳ፣ መሬቱን አጥቶ የሚያብድ ሰው መድረክ ላይ ማየት እፈልጋለሁ። ለዚያ ቲኬት እገዛለሁ።

ክርክሩን የከፈተው፦
የኔታ የልቤን ተናገሩ። ስለ ወጪው ግን መላ አለ። የለንደኑ ሮያል ኮርት ቲያትር ከ1957 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዳዲስ ተውኔቶችን እሑድ ማታ ያለ መድረክ ግንባታ ያሳይ ነበር። ልምምዱ አለ፣ ጌጡ ግን የለም። ጸጋዬ ገብረ መድኅንም በወጣትነቱ ያን ቲያትር ቤት ሄዶ አይቶታል። እሱ ራሱ ቢሆን ጅማሬው አዲስ አበባ አልነበረም። አምቦ ተማሪ ሳለ የጻፈው ተውኔት ጃንሆይ ባሉበት ታይቶለታል። ያን ቀን አንድ መምህር «ይኼ ገና ልጅ ነው» ብሎ ከልክሎት ቢሆንስ?

የአነስተኛ አዳራሽ አስተባባሪ፦
ሁሉም ልጅ ጸጋዬ አይሆንም። በዚህ ምሳሌ ልጆቹ ላይ ሸክም አትጫኑባቸው። ሆኖም ማክሰኞ ማታ አዳራሻችን ዝግ ነው። ለአንድ ወር፣ ያለ መድረክ ግንባታ፣ በርካሽ ቲኬት ይሞከር ብዬ ኃላፊዎቹን መጠየቅ እችላለሁ። የበዓሉን ቀን ግን አልሰጥም። ዓመቱን የሚያኖረን እሱ ነው።

ተዋናይት፦
እኔ ያለ አበልም እመጣለሁ፤ ግን ለዚህ አንድ ወር ብቻ። ተዋናይ ሁልጊዜ በነፃ ይሥራ የሚለውን አልቀበልም። ሌላም አለኝ። ደራሲው ልምምድ ላይ ይቀመጥ። ለተዋናይ አፍ ያልተመቸውን ቃል እዚያው ይለውጥ። ቃሌ አይነካ የሚል ከሆነ አልችልም።

ጀማሪ ደራሲ፦
እቀመጣለሁ። 60 ገጽ ነው። ለስንት ሰው ላባዛው?

ተዋናይት፦
ለስድስት። የእናትየዋን ረጅም ንግግር ግን ከማባዛትህ በፊት አንዴ እየው።