እርጥበት፣ አክታ እና «ታን»፦ የቻይና ሐኪሞች ቃል በአማርኛ ምን ይባል?

ጥያቄ፦

ሰላም ለቤቱ። ስለ ቻይና ባህላዊ ሕክምናና አመጋገብ የተጻፈ ጽሑፍ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። ሁለት ቃላት አላላውስ አሉኝ። አንዱ «ሺ» ነው፤ መዝገበ ቃላቱ «እርጥበት» ይለዋል። ሌላው «ታን» ነው፤ እሱን ደግሞ «አክታ» ይለዋል። እንደዚያው እየተረጎምኩ ስሄድ እዚህ ላይ ቆምኩ፦ «ጣፊያ የአክታ ምንጭ ነው፤ ሳንባ የአክታ ዕቃ ነው።» ጣፊያንና አክታን ምን አገናኛቸው? ሳል የሚባል የሌለበትን ሰውም «አክታ አለብህ» ይሉታል። የምታውቁ እባካችሁ አግዙኝ።

መልስ፦

እህቴ፣ ይሄ ጥያቄ እኔንም ብዙ አስጨንቆኛል። ጓንጁ ከተማ በአስተርጓሚነት ስሠራ «ሺ» የሚለውን ቃል መጀመሪያ የሰማሁት ከቤት አከራዬ ነው።

ወሩ መጋቢት ነበር። እዚያ አገር ጸደይ ሲገባ «ኹይናንትየን» የሚሉት ወቅት አለ። ከደቡብ ባሕር የሚመጣው ሞቃትና እርጥብ አየር በብርድ የከረመውን ግድግዳ ሲነካ ውሃ ይሆናል። ግድግዳው ያልበዋል። ወለሉ አሁን የታጠበ ይመስላል። ያጠብኩት ካልሲ በአራተኛው ቀንም አልደረቀም፤ ቁም ሳጥን ውስጥ የሰቀልኩት የቆዳ ቀበቶ ነጭ ሻጋታ አወጣ። እኔም ጠዋት ጠዋት ከአልጋ መነሳት አቃተኝ። አከራዬ አዩኝና «እስቲ ምላስህን አውጣ» አሉ። ምላሴ ወፍራም ነጭ ነገር ለብሷል። «ሺቺ ጆንግ» አሉ፤ እርጥበቱ ከብዷል ማለታቸው ነው። ማታ ዪሚ የሚሉትን ገብስ የሚመስል ነጭ ፍሬ ከትንንሽ ቀይ ባቄላ ጋር ቀቅለው፣ የደረቀ የመንደሪን ልጣጭ ጣል አድርገውበት በትልቅ ሳህን አመጡልኝ። ስኳር የለውም፣ ጨው የለውም። ጠጣሁት።

ወደ ቃሉ ልመለስ። («ሺ» ከቁጥራችን ጋር ድምፁ ቢገጥምም ዝምድና የላቸውም።) የቻይና ሕክምና ሰውን ከውጭ የሚያጠቁ ስድስት ነገሮች አሉ ይላል፦ ነፋስ፣ ብርድ፣ የበጋ ሐሩር፣ እርጥበት፣ ድርቀት እና እሳት። እርጥበት ግን ከውስጥም ይፈጠራል። እዚህ ጋ ነው ጣፊያ የሚመጣው። በእነሱ አስተሳሰብ ጣፊያ የበላነውን ወደ ጉልበት ይለውጣል፣ ፈሳሹንም ለሰውነት ያከፋፍላል። እኛ ከክሊኒክ የምናውቀው ጣፊያ ሥራው ከደም ጋር ነው። ስለዚህ ስማቸው አንድ ይሁን እንጂ የእነሱን ጣፊያ ስታነቢ የጨጓራና የአንጀትን ሥራ አስቢ። ቅባት፣ ጣፋጭ፣ ወተት፣ መጠጥ፣ ቀዝቃዛና ጥሬ ምግብ ሲበዛበት ጣፊያ ይደክማል ይላሉ። ሲደክም ፈሳሹን ማንቀሳቀስ ያቅተዋል፤ ያልተንቀሳቀሰውም እዚያው ይተኛል። እርጥበት የሚሉት ይሄንን የተኛውን ነው።

ጠባዩም ይታወቃል። ይከብዳል፣ ይጣበቃል፣ ቶሎ አይለቅም። «ዱቄት ውስጥ እንደገባ ዘይት» ነው ይላሉ። ዱቄት ላይ ዘይት የተደፋበት ሰው ነገሩ ይገባዋል፤ አይጠረግ፣ አይነፋ። «ሺህ ብርድ በቀላሉ ይወጣል፤ አንድ እርጥበት ግን አይለቅም» የሚል አባባልም አላቸው።

ለዚህ ቃል አማርኛችን ዝግጁ ነው ብዬ አምናለሁ። ሰው ወገቡን ይዞ «ብርድ ገባብኝ» ሲል ውጭ ፀሐይ ሊሆን ይችላል። ብርዱ ያለው አካሉ ውስጥ ነው። «ምች መታኝ» ያለ ሰው ዳማከሴ ይጨመቅለታል እንጂ ምች ምንድን ነው ብሎ የሚጠይቀው የለም። የአየሩ ጠባይ ራሱ በሽታ ሆኖ ሰውነት ውስጥ ይገባል። «እርጥበት»ም እዚሁ ረድፍ ላይ ይቆማል። ግሡን ግን አስቢበት። «እርጥበት አለብህ» ካልሽ ስለሚያፈስ ጣራ ያወራሽ ይመስላል። «እርጥበት ገብቶብሃል» በይ፤ ያኔ «ብርድ ገባብኝ» ለሚል ጆሮ እንግዳ አይሆንም።

ስሜቱን የምንገልጽበት ቃልማ አለን፦ «ተጫጫነኝ»። የቻይና ሕክምና መሠረት የሆነው ጥንታዊ መጽሐፍ እርጥበት የገባበት ሰው ራሱ «እንደተጠቀለለ» ይሆናል ይላል። እኛ «ራሴን ድፍን አደረገኝ» እንላለን። ከዚህ የተሻለ ትርጉም አይገኝለትም።

ከሌላ አባል፦

«እርጥበት»ን ተቀብያለሁ። «አክታ»ስ ምን አጠፋ? መዝገበ ቃላት ያለውን ትተን አዲስ ቃል ብንፈጥር አንባቢውን እናደናግረዋለን።

መልስ፦

ወንድሜ፣ የሚያደናግረው «አክታ» ራሱ ነው። በአገራችን ጤና ጣቢያ «የአክታ ምርመራ» ሲባል ሰው ወዲያው የሚያስበው ቲቢን ነው። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል ያለው ሰው አክታው ይመርመር ተብሎ ስንት ዓመት ተለፍቷል። ይሄን ቃል ወስደን የማያስለውን ሰው «አክታ አለብህ» ብንለው ወይ እናስደነግጠዋለን፣ ወይ የአክታ ምርመራን ትርጉም እናደበዝዛለን። በዚህ ላይ አልደራደርም።

ደግሞ «ታን» ከአክታ በጣም ይሰፋል። የሚታይና የማይታይ ብለው ይከፍሉታል። የሚታየው የእኛው አክታ ነው። የማይታየው ግን ቆዳ ሥር እንደ ጓል ይቋጠራል፣ ራስ ያዞራል፣ አእምሮ ይጋርዳል። «እንግዳ በሽታ ከታን አይጠፋም» የሚል ይዘት ያለው አባባል አላቸው። «ታን የልብን ቀዳዳ ጋረደው» ደግሞ ዛሬም በተራ ወሬ የሚባል ፈሊጥ ነው፤ ማስተዋል ለጠፋበት ሰው ይነገራል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈ አንድ የቻይና ልቦለድ ውስጥ ስንት ጊዜ የወደቀበትን የመንግሥት ፈተና በስተርጅና ያለፈ ሰው አለ። በደስታ ያብዳል። ሰዎች «ታን ወጥቶ ልቡን ጋረደው» ይላሉ። መድኃኒቱ የሚፈራው ሰው እንዲመታው ነው ተብሎ ሥጋ ሻጩ አማቱ በጥፊ ያጮለዋል፤ ሰውዬው ወደ ራሱ ይመለሳል። እዚህ ላይ «አክታ» ብለሽ ብትተረጉሚ ታሪኩ ይሞታል።

ከእርጥበት ወደ ታን ያለውን መንገድ እንዲህ ይነግሩናል፦ እርጥበት ሲጠራቀም ውሃ ይሆናል፤ ውሃ ሲከማች «ዪን» የሚሉት ቀጭን ፈሳሽ ይሆናል፤ ዪን ሲረጋ ታን ይሆናል። «ሲረጋ» የምትለዋን ያዙልኝ። ወተት ረግቶ እርጎ የሚሆንበት ግሥ ነው። ስለዚህ እኔ «የረጋ እርጥበት» ብየው ነበር።

ከሌላ አባል (ጅዳ)፦

እዚህ አክታን «በልገም» ይሉታል። በድሮው የዓረብ ሕክምናም በልገም ሰውን ከሚሠሩት አራት ፈሳሾች አንዱ ነበር፤ ቀዝቃዛና እርጥብ ነው ይሉት ነበር። ቃሉ ከግሪክ «ፍሌግማ» የመጣ ነው። የሚገርመው «ፍሌግማ» ሥሩ «መንደድ» ማለቱ ነው። ቀዝቃዛው ፈሳሽ በእሳት ስም ይጠራል! አንድ ነገር ግን ላርም፦ እርጥበት አይረጋም። የሚረጋ ፈሳሽ ነው።

መልስ፦

ተባረክ፣ እርማቱ ትክክል ነው። «የረጋ ፈሳሽ» ይሁን።

ስለ እሳቱ ያልከው ደስ አሰኘኝ፤ የቻይናው ፊደልም እኮ እሳት አለበት። «ታን» የሚጻፈው በበሽታ ምልክት ውስጥ ሁለት እሳት ተደራርቦ ነው። የፊደል ሊቃውንት እሳቱ የገባው ለድምፁ ነው ይላሉ። ሐኪሞች ግን ሙቀት ፈሳሹን አድርቆ አወፈረው ብለው ያነቡታል። «ሺ» በግራ በኩል ሦስት የውሃ ጠብታ አለው። አንዱ በውሃ፣ ሌላው በእሳት ይጻፋል፤ ሐኪሙ ግን አንዱን የሌላው ልጅ ነው ይላል።

ምግቡን በተመለከተ አንድ ልጨምር። ለታን ከሚታዘዙት ሁሉ የታወቀው «ኧርቼን» የሚባለው መረቅ ነው፤ ከሶንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን ጀምሮ ይታወቃል። ስሙ «ሁለቱ አሮጌዎች» ማለት ነው። አንደኛው አሮጌ ያ አከራዬ ሾርባው ውስጥ የጣሉት የመንደሪን ልጣጭ ነው፤ ሲቆይ ይሻላል ስለሚባል ለዓመታት ይቀመጣል። የአሮጌ ልጣጭ ሽታ ዕጣን ዕጣን ይላል። ሁለተኛው አሮጌ «ባንሺያ» የሚሉት ሥር ነው፤ ጥሬው መርዛማ ስለሆነ ማንም እቤቱ የሚሞክረው አይደለም። ይሄንንም ከትርጉምሽ ላይ እንዳትተዪው አደራ።

ቃላቱ ወደ እኛ መምጣታቸው አይቀርም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2019 ባጸደቀው የበሽታዎች ምደባ ለባህላዊ ሕክምና አንድ ምዕራፍ ከፍቷል። ይሠራል ብሎ መመስከሩ አይደለም፤ ቃላቱ ግን ሰነድ ውስጥ ገብተዋል። ስለዚህ ከአሁኑ ብንስማማ ጥሩ ነው።

እኔ ብሆን መጀመሪያ ሲመጣ «ታን (በሰውነት ውስጥ የረጋ ፈሳሽ)» ብዬ እጽፍና ከዚያ በኋላ «ታን» እያልኩ እቀጥላለሁ። «አክታ»ን ሳል ላለበት ቦታ ብቻ አስቀምጠዋለሁ። ያቆመሽን ዓረፍተ ነገር ደግሞ እንዲህ ሞክሪው፦ «ታን የሚመነጨው ከጣፊያ ነው፤ የሚጠራቀመው ሳንባ ውስጥ ነው።»

ጠያቂዋ፦

ወስጄዋለሁ። «እርጥበት ገብቶብሃል» የሚለውን እናቴ ላይ ሞከርኩት። «ታዲያ ምን ይጠጣለት?» አሉኝ።