ለዓመታት የቆመ የአርኬድ መጫወቻ ሰሌዳ፦ ከየት ልቀጥል?

የጦሳ ልጅ (ደሴ)
ሰላም ለሁላችሁ። ለሁለት ሰው የሚሆን የአርኬድ ሰሌዳ (እንደ ጌም ቤት ማሽን ጆይስቲክና በተን ያለው የቪዲዮ ጌም መጫወቻ) ጀምሬ ነበር፤ ጥቅምት 2014 ከተማውን ለቀን ስንወጣ እንዳለ ቀረ። ስንመለስ ቤቱን ማቃናት ቀደመና እሱ አልጋ ስር ተኛ። ሰሞኑን አወጣሁት፤ ዘንድሮ ሳልጨርሰው አልመልሰውም።

ጣውላው 18 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ነው። ለእያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ጆይስቲክና ስድስት በተን አለው፤ አደራደሩ እ.ኤ.አ. በ1991 እንደወጣው የድብድብ ጌም፣ ስትሪት ፋይተር 2 ነው፣ ከላይ ሦስት የቡጢ፣ ከታች ሦስት የእርግጫ። 30 ሚሊ ሜትር ቀዳዳዎቹን በትራፓኖ የበሳው ታላቅ ወንድሜ ነው። የእያንዳንዱን ጠርዝ በብርጭቆ ወረቀት ፈትጎት ጣት ሲያልፍበት ምንም አይነካውም። እሱ አሁን አረብ አገር ነው፤ ስለዚህ ጣውላውን መቀየር በፍጹም አልፈልግም።

ችግሩ፦ ሽቦው ግማሹ ተገናኝቷል፣ ግማሹ ተንጠልጥሏል፣ ሁሉም ቀይ ነው። በተኖቹን ከኮምፒውተር ጋር እንዲያገናኝልኝ የያዝኩት ቦርድ አርዱዊኖ ኡኖ (ፕሮግራም የሚጫንበት ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ) ነው፤ ኮምፒውተሩ እንደ ጆይስቲክ አይቀበለውም። ጣውላውም በክረምቱ ጉም መሐሉ ጎድጉዷል፤ ቀጥ ያለ ብረት ሳጋድምበት ከስሩ ስክሪፕቶ ሊያልፍ ምንም አይቀረው።

ቴስተር (ኮምቦልቻ)
አብሽር ወንድሜ። የድሮውን ሽቦ ለመፍታት አትድከም፤ ሁሉንም ንቀለው።

መጀመሪያ በተኖቹን ፈትሽ። የኤሌክትሪክ መለኪያውን (ቴስተሩን) ድምፅ ላይ አድርገህ ሁለቱን እግር ንካ፤ ስትጫን ብቻ መጮህ አለበት። ሦስት እግር ያለው ስዊች ከሆነ የጋራውንና ሲጫን የሚገናኘውን ያዝ፣ ሦስተኛውን ተወው። ድምፁ እየቆራረጠ የሚወጣው ውስጡ ቆሽሿል፤ እሱን ዛሬውኑ ለይተህ አስቀምጥ፣ ከተሠራ በኋላ ሶፍትዌሩ ላይ ታላክካለህ።

የኡኖ ዋናው ቺፕ ዩኤስቢ የለውም፣ ጣጣው እሱ ነው። ለእያንዳንዱ ተጫዋች አንድ አንድ ራስበሪ ፓይ ፒኮ ብታደርግ ይሻላል፤ እሱም እንደ ኡኖ ትንሽ ቦርድ ነው፣ ግን ቺፑ ራሱ ዩኤስቢ አለው። ቡትሴል የሚለውን ቁልፍ ይዘህ ስትሰካው እንደ ፍላሽ ይከፈታል፤ ፒኮውን ወደ ጆይስቲክ የሚቀይረውን ጂፒ2040-ሲኢ የሚባል ነፃ ሶፍትዌር ትገለብጥበታለህ፣ አለቀ። ከሁሉም በተን አንዱን እግር በአንድ ጥቁር ሽቦ እያያያዝክ ፒኮው ላይ ግራውንድ (ጂኤንዲ) ወደሚለው ውሰድ፤ ሌላው እግር ብቻ ለየራሱ ፒን (የቦርዱ ሽቦ መቀበያ) ይሄዳል። 5 ቮልት በተኖቹ አካባቢ እንዳይደርስ፤ የፒኮ ፒን የሚሠራው በ3.3 ቮልት ነው።

አናጢው (ደሴ፣ ሰኞ ገበያ)
ልጄ፣ የወንድምህን ሥራ አለመጣልህ ደስ ብሎኛል። ብቻ አደራ፣ ፀሐይ ላይ እንዳታሰጣው! አንድ ወገኑ ቀድሞ ይደርቅና ይብሳል። ቤት ውስጥ በሁለት መረባ ላይ አንሳው፣ አየሩ ከላይም ከስርም እኩል ያግኘው፤ ሳትቸኩል። ከዚያ ከስሩ ሁለት መረባ በኮላና በብሎን አስርለት፣ ኮላው እስኪይዝ ሞርሳው አይፈታ። ቫርኒሹን ላዩን ብቻ ቀብተህ ከተውክ የሚመጣው ክረምት መልሶ ያጎብጠዋል፤ ስሩንም የቀዳዳዎቹንም ውስጥ ቀባ።

ሌላ፦ 18 ሚሊ ሜትር ለጆይስቲክ ወፍራም ነው፣ ዱላው አጥሮ ይቀራል። የሚታሰርበትን ቦታ ከስር በመሮ ፈልፍለህ አሳሳው። ቀስ ብለህ፣ እየለካህ።

የጦሳ ልጅ (ደሴ)
አላህ ያክብራችሁ። ሽቦውን ነቅዬ በተኖቹን ፈትሻለሁ፤ የሚቆራርጡት ሁለት ብቻ ናቸው፣ ሁለቱም የእርግጫ። ጣውላው መረባ ላይ ወጥቷል። ጋሼ፣ መሮ የለኝም፤ ካልከበደዎት የጆይስቲኩን ቦታ እርስዎ ጋ አምጥቼ ቢያሳሱልኝ የሚገባውን እከፍላለሁ። ቴስተር፣ ፒኮ ኮምቦልቻ ይገኛል ወይስ ከአዲስ አበባ ላስልክ?

ቴስተር (ኮምቦልቻ)
እኔ ጋ አንድ ትርፍ አለ፣ እሱን ውሰድ። ሁለተኛውን አስልክ። ስትወርድ ሁለቱን ስዊቾችም ያዛቸው፣ ከፍተን እናያቸዋለን።